ሆን ብለን ያሰመጥናት ጀልባ

ሮቤ ውስጥ አሁን ለጭነት መኪናው የእንጨት ካሶኒ የሚያሠራ ሰው የለም። አይሱዙው የብረት ካሶኒውን እንደተሸከመ ከአዳማ ይመጣል፤ ለእኛ ለእንጨት ሠራተኞች ይተርፈን የነበረው የተሰበረ የጎን ሳንቃ መቀየር ነበር፣ እሱም ቀረ። ጋራዡ ትልቁን መጋዝ የሸጠ ዕለት እኔም መላጊያዬንና መሮዎቼን በጆንያ ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ዘይነባ፣ "ደግ አደረግክ፤ አሁን የራሳችንን በር ትጠግናለህ" አለችኝ። በሩ እስካሁን እንደተንጋደደ ነው።

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ "ዕድሜህን በምን ጨረስክ?" የሚለኝ ሰው ሲመጣ "በጀልባ" እላለሁ፤ ሰውየው ይስቃል። ቢስቅ አልፈርድበትም። ሮቤ የስንዴ አገር ናት፣ ባሕር የሚባል ነገር አጠገቧ የለም፤ ሻያ ወንዝንም በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልክ ትሻገረዋለህ። አብዛኛውን ዘመኔን የሠራሁት ካሶኒ መሆኑን አልክድም። ግን ካሶኒ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ጀልባ እንዴት እንደማይሰምጥ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የገባኝ አይመስለኝም። ሐሳቤ ሁሉ ወደዚያ የሚሄደው ለዚህ ይሆናል።

የተወለድኩት ጎባ ነው። አባቴ ግንድ በሁለት ሰው መጋዝ እየሰነጠቀ ሳንቃ የሚያወጣ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ጢሜ ገና ሳይወጣ፣ ሥራ ፍለጋ አሰብ ወረድኩ። ጭነት ልሸከም የሄድኩ ሰው ወደቡ ጥግ ላይ ጀልባ የሚሠራበት ዳስ አየሁና ቆምኩ። መሸብኝ፤ ሲነጋም ተመልሼ እዚያው ቆምኩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና፣ "ዝም ብለህ ከምትቆም ይሄን ያዝ" ብለው የሳንቃ ጫፍ ሰጡኝ። የሥራ ቅጥሬ ይኸው ነበር።

ሽማግሌው ዓም ሳሌም ይባላሉ። "ዓም" በዐረብኛ አጎት ማለት ነው፤ ወደቡ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ሳምቡቅ የሚባለውን የቀይ ባሕር የእንጨት ጀልባ አሠራር የተማሩት ከአባታቸው ነው። አማርኛቸው አጭር ነበር፣ ትዕግሥታቸው ደግሞ ከአማርኛቸውም ያጥራል፤ እኔ ደግሞ ጠያቂ ነኝ። እንዴት እንደቻሉኝ አላህ ያውቃል።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ስም ነው። ከሥር የሚጋደመው ረጅሙ ወፍራም እንጨት ሂራብ ነው፤ የጀልባዋ አከርካሪ ማለት ነው። ከእሱ ግራና ቀኝ ወደ ላይ የሚወጡት ጠማማ እንጨቶች ሸልማን ናቸው፤ የጎድን አጥንቶቿ። በሳንቃና በሳንቃ መካከል የሚጠቀጠቀውን በዘይት የራሰ ጥጥ ፈቲል ይሉታል። ከእኛ "ፈትል" ጋር ዘመድ መሆን አለበት ብዬ ብጠይቃቸው፣ "እኔ የማውቀው ጥጥ መሆኑን ነው" አሉኝ።

ቤት ሲሠራ አይቼ እንዳደግሁ ሰው፣ መጀመሪያ አጽሙ ይቆማል፣ ቀጥሎ ሳንቃው ይለብሳል ብዬ ነበር የማስበው። ዓም ሳሌም ተገላቢጦሽ ናቸው። ሂራቡን ያጋድማሉ፣ የፊትና የኋላውን ቋሚ ያቆማሉ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሳንቃው ነው። ሳንቃውን ውሃ እያርከፈከፉ ከሥሩ ትንሽ እሳት ያነዳሉ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ያንጠለጥላሉ፤ እንጨቱ ቀስ እያለ ይጎብጣል። አንዱ ከአንዱ እየተገጠመ የጀልባዋ ሆድ ከታየ በኋላ ነው አጥንቶቹ በዚያ ሆድ ልክ ተጠርበው ከውስጥ የሚገቡት።

"ዓም ሳሌም፣ አጥንቱ ሳይገባ ሳንቃውን ምን ይዞት ይቆማል?"

"ሳንቃ ሳንቃን ይይዛል።"

"አጥንቱ ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"አጥንት ዝም ይላል። አንተም ዝም በል፣ ገመዱን አምጣ።"

ከዳሳችን ጎን የመንግሥት መጠገኛ ነበር። እዚያ የነበረው መሐንዲስ የሚሠራው በሥዕል ነው፤ አጥንቶቹን አስቀድሞ ያቆምና ሳንቃውን በላያቸው ያለብሳል። እሱንም ሄጄ ጠየቅሁት፤ ማን ነው ልክ? ሳቀ። "በእኔ መንገድ ዘንድሮ የሠራኋትን ጀልባ ለከርሞ ልደግማት እችላለሁ። የዓም ሳሌምን ጀልባ ግን እሳቸው ራሳቸው አይደግሟትም" አለኝ። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። "እውነቱን ነው፤ ለምንስ እደግማታለሁ?" ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ሁለቱን ሰዎች በሐሳቤ አከራክራቸዋለሁ።

የዓም ሳሌም ልማድ ብዙ ነበር። ሜትር አያውቁም፤ ስንዝርና ክንዳቸው ይበቃቸዋል። ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ እጃቸውን ባልዲ ውስጥ ነክረው ዓይናቸውን ይጨፍኑና መዳፋቸውን በሳንቃው ግጥም ላይ ከዳር እስከ ዳር ያስኬዳሉ፤ ዓይን የማያየውን ጎርበጥባጣ የሚያገኙት እንዲያ ነው። ከከሰል ነጋዴዎች ጋር ደግሞ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ነጋዴዎቹ የሚያከስሉትን ጠማማ የግራር ቅርንጫፍ እሳቸው ለሸልማን ይፈልጉታል። ቀጥ ካለ እንጨት ጥምዝ ብትቆርጥ የእንጨቱ ጅማት መሃል ላይ ይቋረጥና ማዕበል ሲመታው እዚያው ይሰበራል፤ ጠምዝዞ ያደገ ቅርንጫፍ ግን ጅማቱ ከጥምዙ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን ከተማርኩ ወዲህ ዛፍን ሌላው ሰው እንደሚያየው ማየት አልቻልኩም። ዲንሾ ላይ ኮሶ ባየሁ ቁጥር ቅርንጫፉን በልቤ ስቆርጥ፣ ዘይነባ፣ "ደግሞ ምን ልትቆርጥ ነው?" ትለኛለች።

ጀልባ አልቃ ወደ ውሃ ስትወርድ ደግሞ የሚያስደነግጥ ሥራ ይሠሩ ነበር። በድንጋይ ሞልተው ዳር ላይ ያሰምጧታል፤ ቀናት ካለፉ በኋላ አውጥተው ውሃዋን ይቀዳሉ። ውስጧን ቀለም አያስነኩም። ለምን ስላቸው "ይጠማዋል" አሉኝ። እንጨቱን ማለታቸው ነበር። የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።

መንግሥት ሲለወጥ ከአሰብ ወጣሁ። ዓም ሳሌም እዚያው ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን አልሰማሁም። መሞታቸውን እንኳ አላውቅም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሮቤ ውስጥ የቀጠረኝ ደጀኔ የሚባል የጋራዥ ባለቤት ነው፤ የናዝሬት ሰው፣ ካሶኒ ላይ ዓይኑ የሠላ። እዚያ ሁሉ ነገር በቱንቢና በውሃ ልክ ነው፤ ቀጥ ካላለ ይፈርሳል። በጀልባ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር ስለሌለ ውሃ ልክ ዋጋ የለውም። መሣሪያው "ውሃ ልክ" እየተባለ ውሃ ላይ ለሚሄደው ነገር አለመሥራቱ ብቻዬን ያስቀኝ ነበር። ደሞዙ ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ልጆቻችንን አሳድጎልናል። ደጀኔ የሚኮራበት በቀለሙ ነው። የእሱ ካሶኒ ውስጥና ውጪ ተቀብቶ፣ አበባ ተሥሎበት ነው የሚወጣው፤ አሰላ ድረስ ሰው ያውቀዋል።

እንዲህ ስኖር፣ ጡረታዬ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት ጋራዡ በር ላይ ቆማ በስሜ ጠየቀችኝ።

"አካም ቡልተን ጋሼ ከድር። ሐሊማ እባላለሁ፣ የጎባው የአቡበከር ልጅ ነኝ።"

"የልብስ ሰፊው?"

"አዎ። አሰብ ጀልባ ይሠሩ ነበር ያለኝ እሱ ነው። እውነት ነው?"

"ሠርቻለሁ አይባልም፤ ሳንቃ ይዣለሁ።"

"እኛ ጋ ሳንቃ የያዘም የለም" አለችኝ።

ሐሊማ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የተመደበችው ከሼክ ሁሴን ወዲያ ቆላው ውስጥ፣ ዋቤ ወንዝ ዳር ነው። ጤና ኬላው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ከምታገለግላቸው ሰዎች ግማሾቹ ከወንዙ ወዲያ ናቸው። ኢብሮ የሚባል አሻጋሪ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ዘርግቶ፣ በነፋስ የተሞላ የመኪና ከመነዳሪ ላይ እያስቀመጠ ሰው ያሻግራል። የክትባት ሳጥኗን ጭንቅላቷ ላይ ይዛ እግሯ ውሃው ውስጥ እየተንጠለጠለ ነው የምትሄደው፤ ዋና አትችልም፣ አዞም አለ። ወንዙ ሲሞላ ከመነዳሪው አይሄድም። "ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ አንዲት እናት ማዶ ምጥ ላይ ሞተች። ከዚህ ዳር ቆሜ ሲያለቅሱ እሰማለሁ፣ መሻገር አልቻልኩም" አለችኝ። እያለቀሰች አልነበረም የምታወራው፤ አልቅሳ ጨርሳ ነው የመጣችው።

ለደጀኔ ስነግረው ራሱን አከከና፣ "ጀልባ በባሌ? እስቲ ይሠራ፣ እኔም ልየው" አለ። የጉልበት ዋጋውንም ለነፍሱ ብሎ ተወው። የሐሊማ መንደር ሰዎች ነፋስ የጣለው ትልቅ ዋንዛ ነበራቸው፤ እሱን ለመሰንጠቅ ወረቀት ማስፈቀዱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና ልተወው። የቸገረኝ አጥንቱ ነበር። ጠማማ ወይራ ፍለጋ ሳምንታት ዞርኩ። አጋርፋ መንገድ ላይ አንድ ገበሬ አጥሩ ውስጥ እንደ ታጠፈ ክንድ የሆነ ወይራ አይቼ ሚኒባሱን አስቁሜ ወረድኩ።

"ይሄ ይሸጣል?"

"ጠማማ ነው እኮ።"

"እሱን ነው የፈለግሁት። በምትኩ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ አመጣልሃለሁ።"

ገበሬው ካየኝ በኋላ ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን "ኮቱ" ብሎ ጠራት፤ ነይ እዪ ማለቱ ነው። ቀጥ ያለውን ሰጥቶ ጠማማውን የሚወስደውን ሰው ሁለቱም በደንብ አዩት። ወሬው ተዛምቶ ኖሮ በኋላ ሰው ጠማማ እንጨት እየተሸከመ ጋራዡ ድረስ ይመጣልኝ ጀመር።

ሥራውን ስጀምር ዓም ሳሌምን ለመከተል ድፍረት አጣሁ፤ ዓይኔን አላምነውም። እንደ መሐንዲሱም ሥዕል የለኝም። ስለዚህ መሃል ላይ ሁለት አጥንት ብቻ አስቀድሜ አቆምኩና፣ ቀሪውን በሳንቃ ጀምሬ ሌሎቹን አጥንቶች በኋላ አስገባሁ። ሁለቱም ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር። ግን ሳንቃ በሳንቃ ላይ እየተገጠመ ሆዷ ሲወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አጥንቶች ወዲህና ወዲያ ያለውን ቅርጽ የሰጣት ሳንቃው ራሱ እንደሆነ አየሁ። ያን ጊዜ ዓም ሳሌም ምን እንዳሉ በከፊል ገባኝ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ጀልባዋ ስታልቅ ደጀኔ ቀለም ቀቢውን ጠራ። "ከዚህ በር እርቃኑን የወጣ ነገር የለም" አለ። ውስጥና ውጪዋ በአረንጓዴ ተደጋግሞ ተቀባ፣ ጎኗ ላይ አበባ ተሣለ፣ አፍንጫዋ ላይ "ማሻአላህ" ተጻፈ። እኔም ቆሜ አደነቅሁ። ውስጧን ቀለም አለማስነካት የአንድ ሽማግሌ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በአይሱዙ ጭነን በጊኒር በኩል ወረድን። ጊኒር ላይ አንድ ሰው "የከብት ማጠጫ ገንዳ ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ ጀልባ ነው ስለው አዝኖልኝ ሄደ። የቆላው ፀሐይ ደጋ ላይ የከረመውን እንጨት ተቀበለው። ወንዙ ዳር ሽማግሌዎች ዱዓ አድርገው፣ ፍየል ታርዶ፣ እስክንበላ ድረስ ሳንቃው ተኮማትሮ በግጥሙ መሃል ብርሃን ይታይ ጀመር። አልደነገጥኩም፤ መድኃኒቱን አውቃለሁ። በድንጋይ ሞልተን አሰመጥናት፣ ቀናት ቆይተን አወጣናት፣ ፈቲሉን መልሼ ጠቀጠቅሁ። ሐሊማ ሳጥኗን ይዛ ገባች፤ ኢብሮ ገመዱን ያዘ።

መሃል ላይ ስትደርስ ውሃው ከአንድ ቦታ አይደለም፣ ከሁሉም ቦታ ገባ። ኢብሮ እየጎተተ ለመመለስ ሞከረ፤ ዳር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ከሥራቸው ሰመጠች። ኢብሮ ሐሊማን በክንዷ ይዞ ወደ ዳር ሳባት። ሳጥኑን ወንዙ ወሰደው። ልብሷ ከላይዋ እየተንጠባጠበ ፊቴ ቆመችና፣ "ጋሼ ከድር፣ በከመነዳሪ ይህን ሁሉ ጊዜ ተሻግሬ ሰምጬ አላውቅም" አለችኝ። የመንደሩ ሰው እኔን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየ ተበተነ።

ጀልባዋን ስበን አውጥተን ገለበጥናትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማፈሩን አፍሬአለሁ፣ ግን ከማፈሬ በላይ ለምን የሚለው አላስቀምጠኝ አለ። በውሃ ነክሬአታለሁ፤ ለምን አላበጠችም? መዳፌን በግጥሞቿ ላይ ሳስኬድ አንድ ቦታ ላይ ጣቴ ተደናቀፈ። ድንጋይ ፍቆት ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ነበር። እዚያ ብቻ እንጨቱ ወፍሯል፤ ሳንቃው ከጎረቤቱ ጋር ወረቀት የማያስገባ ሆኖ ተጣብቋል። በቀለም የተሸፈነው ግን እንደደረቀ ነው። ዋንዛው ውሃ መጠጣት ነበረበት፤ እኛ አፉን ዘግተን ነው ወንዝ ውስጥ የጣልነው። ዓም ሳሌም ያኔ በአንድ ቃል ነግረውኝ ነበር።

ለደጀኔ ደወልኩ። ነገሩን ሰምቶ፣ "ቀለሙን ልትፍቀው ነው?" አለኝ።

"ሁሉንም።"

"አበባውንም?"

"አበባውንም።"

"እሺ" አለ፤ ድምፁ ግን ከለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ነበር።

ከኢብሮ ጋር በመላጊያና በጠርሙስ ስባሪ ፍቀን እንጨቱን አራቆትነው። ፈቲሉን በኑግ ዘይት ነክሬ ከአዲስ ሠራሁት። ከዚያ እንደገና በድንጋይ ሞልተን አሰመጥናት። አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጥተው ወንዙን አዩና፣ "ኢንና ሊላሂ፤ ቢድሩዋን ቀበራችኋት?" ብለው አጽናኑን። ቢድሩ በኦሮምኛ ጀልባ ነው። አልተቀበረችም፣ ውሃ እየጠጣች ነው ስላቸው ለእኔም ዱዓ አደረጉልኝ። ሐሊማ ግን አጠገባችን አልደረሰችም። ጤና ኬላዋ በር ላይ ሆና ከሩቅ ታየን ነበር።

ካሰብኩት ቀን በፊት ደጋው ላይ ዘነበ። ዋቤ በአንድ ጠዋት ቀይ ሆኖ ሞላ፤ ጀልባዋን የያዘው ገመድ የታሰረበትን ግራር እየነቀነቀ ይወጠራል። በዚያው ጠዋት ማዶ አንድ ሰው ነጠላ እያውለበለበ ታየ። ኢብሮ ጮሆ ጠየቀው፣ ሰውየው ጮሆ መለሰ፤ ሚስቱ ምጥ ይዟት አድራለች፣ ልጁ አልመጣ ብሏል። ከመነዳሪው በዚያ ሙላት የማይታሰብ ነው።

ሐሊማ ወደ ወንዙ ወረደች። ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ አየች፤ ከውሃ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

"ጠጥታለች?" አለችኝ።

"አላውቅም። ቀን ይቀራት ነበር።"

"እኔም ዛሬ ቀን የለኝም" አለችና ጫማዋን አወለቀች።

መንደሩ ሁሉ ገመዱን ያዘ። "ሃርኪሳ" እየተባባሉ ጎተቱ፣ ድንጋዩን አወጣን፣ ውሃዋን በባልዲ ቀዳን። እኔ ከሐሊማ ቀድሜ ገባሁ፤ ብትሰምጥ አብሬ ልስመጥ ብዬ ነው፣ ሌላ የምሰጣት ዋስትና አልነበረኝም። ኢብሮ ገመዱን እየሳበ፣ ሙላቱ ጎኗን እየመታ ተሻገርን። እኔ ወንዙን አላየሁም፤ ወለሉን ነበር የማየው። ማዶ ስንደርስ ወለሉ ከቀዳነው በኋላ የቀረው ርጥበት ብቻ ነበረበት።

ሐሊማ ቤታቸው ገብታ ሴትዮዋን መረመረቻት። ወደ ጤና ኬላው መሻገር አለባት፣ አምቡላንስ ተጠርቷል አለች። በሰሌን ላይ አስተኝተን ጀልባዋ ወለል ላይ አኖርናት፤ ባልዋ ከኢብሮ ጋር ገመዱን ያዘ። ሴትዮዋ ጥርሷን ነክሳ ጣራ የሌለውን ሰማይ ታያለች። ሐሊማ እጇን ይዛ በኦሮምኛ ቀስ እያለች ታናግራታለች።

መሃል ላይ ስንደርስ ጉልበቴ ራሰ። ዝቅ ብዬ ባይ ወለሉ ላይ ውሃ አለ፤ ከሰሌኑ ሥር እየመጣ ሂራቡን ይዞ ወደ እኔ ይፈስሳል። በሁለት እጄ ከሰሌኑ ግራና ቀኝ ግጥሞቹን ዳበስኩ፤ ሁሉም አብጠው ተዘግተዋል፣ ጥፍር አያስገቡም። ውሃው ግን ይጨምራል። "ኢብሮ ፍጠን፣ ገባ" አልኩ። ባልየው ወደ ኋላ ዞሮ ፊቴን አየና ገመዱን በኃይል ይስብ ጀመር።

ሐሊማ ከሴትዮዋ ቀና ብላ ወለሉን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

"ይተዉት ጋሼ" አለችኝ። "የወንዙ አይደለም። የሽርት ውሃዋ ነው፤ ልጁ እየመጣ ነው።"

መዳፌን ከሳንቃው ላይ ሳላነሳ ዳር ደረስን። ውሃው ሞቃት ነበር።